የእንግዳ ውሃ

ማዳም ማንሳ ኬፕ ኮስት ከተማ ባለው የልብስ ማጠቢያ ቤቷ ጓዳ ውስጥ ሞታ ተገኘች። አጠገቧ የወደቀው የከሰል ካውያ ልብስ ተኳሹ ፊፊ የሚሠራበት ስለሆነ ሰፈሩ በአንድ አፍ «እሱ ነው!» አለ።

ኢንስፔክተር ኳንሳህ ከሁሉ ቀድማ ገባች። ከሟቿ ወንበር ትይዩ ሌላ ወንበር ተስቧል፤ ጠረጴዛው ላይ የተጋመሰ የውሃ ብርጭቆ አለ። ውሃውን ደፍታ ብርጭቆውን ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተችና በሩን ቆለፈች።

ሬሳውን ያገኘችው ሠራተኛ አራባ ደጅ ላይ ታለቅሳለች።

«ወደ ውስጥ ገብተሽ ነበር?»

«ኧረ እኔ አልገባሁም! እግሯን ከበሩ አይቼ ነው እየጮኽኩ የሮጥኩት። እትዬ፣ ፊፊን ተዉት። ኦቲዝም አለበት። የሰው ዓይን አያይም፣ ሰላም አይልም እያሉ ከየሥራው አባረውታል። የተቀበለችው እሷ ብቻ ናት።»

ፊፊ ግድግዳው ላይ አፍጥጧል።

«ወንድሜ፣ ስትሞት የት ነበርክ?»

«መቼ እንደሞተች አላውቅም። ጓሮ ሸሚዝ ሳሰጣ ነበር። ካውያዬን ስጪኝ፤ ልብሱ ይጠብቀኛል።»

«ይኸው፣ እንባ እንኳ የለውም!» አለ የሟቿ ባል ወንድም ቤይደን፣ ኢንስፔክተሯን ዓይን ዓይኗን እያየ። «እኔ መርዶ ሰምቼ አሁን መድረሴ ነው።» ዓይን እያየ የሚዋሽ ስንት እንዳለ ግን ያ ሰፈር ረስቶታል።

ኳንሳህ ሦስቱን ባንኮኒው ጋ ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ቤይደን፣ ፊፊ ለምን የገደላት ይመስልዎታል?»

«ዕብድ ምክንያት አለው? አስቀምጣ ውሃ ብትሰጠው፣ ያጎረሰችውን እጅ ነከሰ!»

«ውሃ?» አለች ኳንሳህ ቀስ ብላ። «በባህላችን ውሃ የሚቀርበው ከደጅ ለመጣ እንግዳ ነው፤ ሳይጠጣ ጉዳዩ አይጠየቅም። ፊፊና አራባ እዚሁ ውለው የሚገቡ ናቸው፤ ማን ውሃ ያቀርብላቸዋል? ደንበኛ ደግሞ ከባንኮኒው አያልፍም። ጓዳ የሚዘልቅ እንግዳ ዘመድ ነው። ብርጭቆውን እርስዎ ሳይደርሱ ቦርሳዬ ከትቼዋለሁ፤ አራባም አላየችውም። የጠጡት እርስዎ ካልሆኑ በምን አወቁ?»

ቤይደን ዓይኑን ሰበረ።

«ማጠቢያ ቤቱን አልሸጥም አለችኝ...» አለ በመጨረሻ።

ሲወስዱት ሰፈሩ አጨበጨበ። ፊፊን ይቅርታ የጠየቀው ግን ማንም አልነበረም።

«ነገ ሥራ አለ?» ሲል ጠየቃት ፊፊ።

ኳንሳህ የማጠቢያ ቤቱን በር አሸገች።

በማግስቱ ጠዋት ፊፊ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ የታሸገው በር ፊት ቆመ። መንገደኛው እርስ በርሱ ሰላም እየተባባለ በአጠገቡ ያልፋል። እሱ በሩ እስኪከፈት ይጠብቃል።