ከሐይቁ ሥር የሚመታው

ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር። ግን ሆኗል... ዓይኔ እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ።

ቦታው ሰሜን ሚኒሶታ፣ ሐይቁ ዳር ያለው የእናቴ ቤት ነው።

እኔና ወንድሜ ኤሮ እዚያው ታንኳ እየቀዘፍን፣ ክረምት በበረዶው ላይ ዓሣ እያጠመድን አደግን። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የዱር እንስሳት አጠናሁ። ተኩላዎች አንገት ላይ ሬዲዮ እያሰርኩ እከታተላለሁ። ኤሮ ትምህርት አልሆነለትም፤ ጫካ ውስጥ ግን የሚያህለው ረዳት አልነበረኝም።

ሬዲዮው በእጄ ወደምይዘው መቀበያ ምት ይልካል፤ እንስሳው በሕይወት ካለ ቀስ ብሎ ይመታል። ለሰዓታት ካልተንቀሳቀሰ ምቱ ይፈጥናል።

ፈጣን ምት ማለት ሞት ነው።

መጋቢት ላይ የሐይቁ በረዶ ከኤሮ እግር ሥር ተሰበረ። ከነቦርሳው ሰመጠ... ቦርሳው ውስጥ የእኔ ሬዲዮ ነበር። ጠላቂዎች ፈልገው ፈልገው አጡት።

ሬዲዮው ግን ከውሃው ሥር፣ ቦታው ሳይለይ ደከም ብሎ ይሰማ ነበር። በፍጥነት እየመታ።

እናቴ በየቀኑ መቀበያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች።

"ሰማሽ ሲርካ? ልቡ እንዴት እንደሚሮጥ!"

ምን ልበላት? ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ ልገድልባት አልቻልኩም።

ሰኔ ላይ፣ የዚያን ቀን፣ ቤት ውስጥ እንደተቀመጥን... ምቱ ዘገየ።

ጢት...... ጢት......

"ደከመ! ልጄ ሊሞትብኝ ነው!" እናቴ ጮኸች።

መቀበያውን ከጭኗ ላይ አነሳሁት።

"እማ... ዝም በይ እስቲ።"

"ምንድን ነው?"

"ተንቀሳቅሷል።"

የመቀበያውን አንቴና በመስኮቱ ወደ ሐይቁ አዞርኩ። ምንም የለም።

ታንኳው ወደታሰረበት... ጠንከር አለ።

ወደ ቤቱ ውስጥ... ጮኸ።

በሩ እንደተዘጋ ነው።

አንቴናውን ነቀልኩት። ያለ አንቴና የሚሰማው አጠገብ ያለ ነገር ብቻ ነው።

ጢት...... ጢት......

"እማ፣" አልኳት በሹክሹክታ፣ "ሲዘገይ ነው በሕይወት አለ የሚባለው።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ታዲያ እስከ ዛሬ...?"

አንገቴን ደፋሁ።

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ።

የኤሮ ውሻ ሙስታ፣ ጌታው ከሰመጠ ወዲህ ከጌታው ባዶ ወንበር ሥር አይነሳም። አሁን ቀና አለ። ጅራቱን ወለሉ ላይ መታ። ጆሮዎቹ እጅ እንደዳበሳቸው ሁሉ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ተኙ።

እናቴ ብርድ ልብሷን ከትከሻዋ አውርዳ ባዶው ወንበር ላይ ደረበች።

"በርዶሃል አይደል፣ የኔ ልጅ?"

የውሻው ግንባር ላይ ውሃ ጠብ አለ።

ጠብ...... ጠብ......

ከሬዲዮው ምት ጋር እኩል።