ሦስቱ ሀዎች

ሦስት መሳቢያዎች የሉም።

ዓይናማዋ የዕቃ ቤቱን በር ከፍታ መጀመሪያ ያየችው ባዶ ቦታቸውን ነው። ሁለቱ ከላይኛው ረድፍ፣ አንዱ ከሦስተኛው። የቀሩት ሃያ አንድ ዲስኮች አረንጓዴ መብራታቸውን ብልጭ ድርግም እያደረጉ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

እሳት ለበሰች፣ እሳት ጎረሰች።

“ዓይናማዋ” ያላት ሰፈሩ ነው፤ ካሜራዋ የማያየው የለም ብሎ። ዘጋቢ ፊልም ትሠራለች። የዓመታት ቀረጻዋ ሁሉ ያለው እዚያች ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በራሷ እጅ ባቆመችው ሰርቨር ላይ ነው፦ ቁመቷን የሚያክል የብረት መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ሃያ አራት ዲስክ የሚይዝ ሣጥን። እያንዳንዱ ዲስክ በየራሱ መሳቢያ፣ በእያንዳንዱ መሳቢያ ግንባር ላይ ደግሞ አንድ ፊደል። ከሀ ጀምራ በተራ ለጥፋዋለች። የትኛው ፊደል ምን እንደያዘ የተመዘገበው በራሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር።

ከጠፉት በአንዱ ላይ ሕንፃው አለ። ተደርምሶ አሥራ አንድ ሠራተኛ የበላው ሕንፃ። ሊወድቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ካሜራዋን ግቢው ውስጥ አቁማ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀርጻዋለች። ሐሙስ ፍርድ ቤት ይታያል ተብሎ ነበር። ልጇ ከፍርስራሹ ሥር ሞታ የወጣችባት ልብስ ሰፊ፣ “አደራሽን፤ ካንቺ ሌላ ምስክር የለኝም” ብላ እጇን ይዛታለች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።

“በሩ አልተሰበረም” አለ የጠራችው የፖሊስ መርማሪ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ። “ቁልፍ ያለው ማን ነው?”

“እኔ፣ ባሌና ጋሼ።”

“ጋሼ ማናቸው?”

“የባሌ ታላቅ ወንድም። ኢንጂነር ናቸው። ይሄን ሣጥን እንኳ አብረውኝ የመረጡት እሳቸው ናቸው።”

“ሌላስ?”

ትንሽ አመነታች። “ኤሌክትሪሻኑ። ባለፈው ሳምንት ማራገቢያ ሲቀይርልኝ ቁልፍ ሰጥቼው ነበር።”

መርማሪው ጻፈ።

ዋርሳዋ ጋሼ ወዲያው መጡ። ባዶዎቹን ቦታዎች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“አይዞሽ እህቴ። የሕንፃው ኮንትራክተር እጁ ረጅም ነው። ያንን ኤሌክትሪሻን ጠይቁት፤ እኔ ድሮም ሁኔታው አላማረኝም።”

መርማሪውን አልጠበቀችም። ኤሌክትሪሻኑን ሱቁ ድረስ ሄዳ ደንበኞቹ ፊት ጮኸችበት። ሰውየው ፒንሳውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

“እኔን ነው ሌባ የምትዪው? አንቺ ሴትዮ፣ ሦስት ዲስክ ምን ያደርግልኛል? ‘የሕንፃውን አቀብለኝ፣ ሐመሩ ሐ ነው’ ብለሽኝ ነቅዬ የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁ? ብሰርቅ እሷን አንዷን መዝዤ እሄድ ነበር!”

እየተናደደች ወጣች። እውነቱን እንደሆነ አንጀቷ ነግሯታል፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደዳት። ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ማክሰኞ መሸባት።

ረቡዕ ጠዋት ጣቢያ ቃሏን ልትፈርም ሄደች። መርማሪው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

“የተሰረቁት ዲስኮች፣ አንደኛ፣ ሀ…” ቀና አለ። “የትኛው ሀ?”

“ሃሌታው።”

“ሁለተኛ?”

“ሐ።”

“የትኛው ሀ?”

“ሐመሩ።”

“ሦስተኛ?”

“ኀ። ብዙኃኑ።”

“ኧረ እህቴ!” መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “ሁሉም ሀ ነው እኮ!”

ዓይናማዋ ከወንበሯ ብድግ አለች።

“አላነበበውም” አለች ቀስ ብላ። “ሌባው ፊደሉን አላነበበውም። ሲነገር ሰምቶ ነው።”

“አልገባኝም።”

“ሀ የሚል ድምፅ የሰማ ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? የትኛው ሀ ብሎ እንዳይጠይቅ ሌባ ነው። ስለዚህ ሀ የሚባለውን ሁሉ ለቅሞ ወሰደ! ኮንትራክተሩ ቢሆን መደርደሪያውን እንዳለ ነቅሎ ይሄድ ነበር። ኤሌክትሪሻኑ ሐመሩን በእጁ ይዞታል።”

“ታዲያ ሀ ብለሽ ለማን ተናገርሽ?”

“ለልብስ ሰፊዋ ጠበቃ። እሑድ፣ በስልክ። ‘ሙሉ ቀረጻው ሀ ላይ አለ። ምስሉን ነው ያየሁት፤ ድምፁን ገና አልሰማሁትም፤ ረቡዕ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ’ አልኩት።”

“አጠገብሽ ማን ነበር?”



“መኪና ውስጥ ነበርን” አለች። “ጋሼ እየነዱ።”

ሣጥኑን የመረጡበት ቀን ትዝ አላት። ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ርካሽ ነው፤ ግን አንድ ዲስክ ለማውጣት ሣጥኑን ከመደርደሪያው ስቦ የክዳኑን ብሎን ሁሉ መፍታት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከፊት ለፊት በመሳቢያ የሚከፈት፣ እያንዳንዱ መሳቢያ ቁልፍ ያለው። እሷ ባለቁልፉን መረጠች። የመጣው ግን ቁልፍ የሌለው፣ በአንድ ጣት ጫን ሲሉት የሚወጣ ነበር። ጋሼ፣ “ባለቁልፉ አልቋል፤ ደግሞስ ለገዛ ቤትሽ ቁልፍ ምን ያደርግልሻል?” አሏት። አመስግና ተቀበለች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት።

ለባለሱቁ ደወለች፤ መርማሪውም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው።

“ማን አለቀ አለሽ?” አለ ባለሱቁ። “ሞልቶ ነበር! ኢንጂነሩ ናቸው ደውለው ‘በቁልፍ የለሹ ቀይርልን’ ያሉኝ። ሕንፃው በፈረሰ በሳምንቱ።”

ከዚህ በኋላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሰውየው አንቱታ የለም።

መርማሪው የመበርበሪያ ትእዛዝ እስኪያወጣ ስድስት ሰዓት ሆነ። ኢንጂነሩን ቢሮው ውስጥ ፕላን ዘርግቶ አገኙት።

“ዲስኮቹ የት አሉ?” አለች።

“የምን ዲስክ?” ዓይኑን በጨው አጥቦ።

“የት አደረግካቸው አንተ!”

ፊቱ ጠቆረ። “አንተ? እኔን ነው አንተ የምትዪው?”

“አዎ አንተን! ለአንቱታ የሚሆን ምን ተረፈህ?”

መርማሪው የጠረጴዛውን የታችኛውን መሳቢያ ሳበ። በፎጣ የተጠቀለሉ ሦስት ዲስኮች። እጅ ከፍንጅ።

“ይገርማል” አለ መርማሪው። “ለምን አልሰባበርካቸውም?”

ኢንጂነሩ የዘረጋውን ፕላን ጠቀለለ።

“እናቴ አንዱ ላይ አለች” አለ። “ከመሞቷ በፊት ለካሜራ ያወራችው። ይቺው ናት ‘ሀ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ’ ያለችኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ብሰካቸው አልከፈት አሉኝ። የትኛው ላይ እንዳለች ማወቅ አቃተኝ።”

እጁን በካቴና አስረው ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዱት። ዓይናማዋ ሐመሩን ሐ ቦታው መለሰችው፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ቀረጻውን ከፈተች፤ ምስሉን ተወችው፤ ድምፁን ከፍ አደረገች። የሲሚንቶ ማቡኪያው ጩኸት ቀረጻው አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሞላው ቆመ። ከዚያ የሰው ድምፅ መጣ።

“ስንጥቁን ድፈኑና ቀለም ቀቡት። ማን ያያል?”

“ኢንጂነር ካሉ አለቀ!” ኮንትራክተሩ ነው፤ ይስቃል።

እግር ኮቴ ቀረበ። “ይቺ ካሜራ…” አለ የመጀመሪያው ድምፅ። “እግሯ ላይ ቢጫ ፕላስተር ያላት… የማን ናት?” ከዚያ ዝም።

የማን እንደሆነች አውቋል። ፕላስተሩን የለጠፈላት እሱ ነው።

“ወረቀት ላይ ፊርማዬ የለም” አለ ኢንጂነሩ መሬት መሬት እያየ። “ለጓደኛዬ ለኮንትራክተሩ ብዬ አንድ ቀን ነው የሄድኩት። የሚወድቅ አልመሰለኝም።”

“አሥራ አንድ ሰው!” ድምጿ ግድግዳው ላይ ነጠረ። “ከአፈር ሥር ሲያወጧቸው እኔ ቆሜ እቀርጻለሁ፣ አንተ ደግሞ እቤትህ ተቀምጠህ ቁልፍ የሌለው ሣጥን ታዝልኛለህ! እህቴ እያልክ!”



የራሷም ጥፋት አንገበገባት። ዓይናማ ተብላ፣ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላ በጆሮዋ ብትሰማው ኖሮ ልብስ ሰፊዋ ዓመት ሙሉ በየችሎቱ ባልተንከራተተች። ቀረጻውን ለመርማሪው ገልብጣ ሰጠችው፤ ሌላ ቅጂ ለጠበቃው ላከች።

መርማሪው ኢንጂነሩን ክንዱን ይዞ አስነሳው። በሩ ላይ ሲደርሱ ሰውየው ዞረ። ድምፁ እንደ ሕፃን ልጅ ቀጥኗል።

“አንድ ነገር ብቻ። የእናቴን… ሀ ላይ ያለውን… እባክሽ አንዴ አሳዪኝ።”

ዓይናማዋ ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ሁለት ዲስኮች አየች። ከዚያ እሱን አየችው።

“የትኛው ሀ?” አለችው።