ሁለት ፊት ያለው ሰሌዳ

«ይሄ ሰሌዳ ስንት ፊት አለው?»

ልጅቷ እትዬ የምትላት ታላቅ እህቷ የሜትሩን ጫፍ እንደያዘች ጠየቀቻት። የጥርስ ሐኪሙ የቆርቆሮ ሰሌዳ ከላይ ለሚመጣም ከታች ለሚመጣም እንዲነበብ መንገዱ ዳር በሁለት እግሩ ቆሟል። ልጅቷ ዞራ ጀርባውን አየች።

«ሁለት» አለች።

«አንቺስ የስንቱን ዋጋ ነገርሽው?»

እትዬ ለማንም ሳትቀጠር፣ ሰሌዳ በመጻፍ ነው የምትኖረው። ትናንት መሰላል ላይ ስለነበረች ስልኩን ልጅቷ አነሳች። ሐኪሙ በላከው ፎቶ ላይ የሚታየው አንድ ፊት ብቻ ነበር። ሃያ ሦስት ፊደል ቆጠረች፣ በአንዱ ፊደል ዋጋ አባዛች፣ ነገረችው። ሰውየው ሳይከራከር እሺ አለ። ያኔ ነበር መጠርጠር! እሷ ግን በአሥራ አራት ዓመቷ ሥራ አመጣሁ ብላ ደረቷን ነፍታ ዋለች።

አሁን አንድ ቀላል ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። «አንድ ፊት ብቻ ነው ብሎኛል» ብትል እትዬ ታምናታለች። ታምናትና ክሊኒኩ ገብታ ለሐኪሙ ልክ ልኩን ትነግረዋለች። የእትዬን ምላስ የማያውቅ ሰፈርተኛ የለም።

«አልጠየቅሁትም» አለች በመጨረሻ። «ፎቶውን አይቼ ዝም ብዬ ነገርኩት።»

እትዬ ሜትሩን ለቀቀችው፤ እየሮጠ መያዣው ውስጥ ገባ።

«አንቺ ነጠላ ሰረዝ!» እንዲህ የምትላት ትንሽ ስለሆነችና ወሬዋን መሀል ላይ ስለምታቋርጥባት ነው። «ማዶ ያለውን ዳቦ ቤት እዪው። ማን ጻፈው?»

«አንቺ።»

«የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። የቀለሙን ዋጋ ሳልደምር ተናግሬ በኪሳራ ሠራሁት። እስቲ አንድ የተጣመመ ፊደል ፈልጊልኝ።»

ልጅቷ አየች። ስድስት ዓመት ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበታል፤ የ«ዳ» ረጅም እግር ግን አሁንም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይሄን እጅ ማንም አላስተማረውም።

«ንዴቴን ፊደሉ ላይ አልተወጣሁትም» አለች እትዬ። «ዛሬ ግን ቀለሙ ገና አልተከፈተም። ስህተቱ የእኛ ነው እለዋለሁ። አንዱ ፊት በተባለው ዋጋ ይጻፋል። ሁለተኛውን ከፈለገ ይጨምራል፤ ካልፈለገ ነጭ ቀብተን ንጹሕ አድርገን እንተውለታለን።»

«ሥራውን ቢነጥቀንስ?»

«ይንጠቀና! የሚነቅለው ጥርስ ነው፤ እጄን አይነቅል።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ወዲያው ግን የእትዬ ቃል ትዝ አላት። እትዬ «የእኛ ነው» ነው ያለችው። «የእህቴ» አላለችም።

እትዬ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወደ በሩ ስትራመድ ልጅቷ ሮጣ ቀደመቻት።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?»

«ቆዪ እትዬ፤ እኔ ልንገረው፤ ድምፄን ያውቀዋል» አለችና በሩን አንኳኳች።