የካፕሪዋ ጠበል

«እማዬ፣ እዚያ ላይ አይደለም...» ሶልያና ሳትጨርሰው ጠርሙሱ ባዶ ሆነ።

እናቷ ሮማንወርቅ የተረፈውን ጠበል በሙሉ በተከፈተው የመኪናው ሞተር መካከል ገልብጣ፣ ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ቄሱ ከላይ ከላይ ነው የረጩልን። ልቡን ካልነካው ምን ዋጋ አለው? ለወንድምሽ እንዳትነግሪው፤ ይስቅብኛል።»

ሮማንወርቅ የሞተር ልብ ያለችው የካርቡሬተሩን አፍ ነበር፤ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለው አየር የሚገባበትን። በደህናው ቀን ክዳን አለው። ወንድሟ ኃይለልዑል ግን ካርቡሬተሩን ፈትቶ ያመጣው ፓርክ ሮያል ከሚባል ሰፈር፣ ከአሮጌ መኪና ግቢ ነው። ሰፊ ስለሆነ ሞተሩ ብዙ አየር እንዲስብ ያደርጋል፤ የድሮው ክዳን ግን አልገጠመውም። አዲስ እስኪገዛ የሶልያናን አሮጌ ስቶኪንግ ወጥረውበት ነበር። ዛሬ ቄሱ እነሱ ሰፈር፣ አርችዌይ ድረስ መጥተው መኪናውን ሊባርኩ ነው ሲባል፣ ኃይለልዑል አፈረና ስቶኪንጉን አወለቀው።

ካፕሪ የምትባለው ይህች መኪና ዕድሜዋ ከሶልያና ይበልጣል። ኃይለልዑል ዳቦ ማከፋፈያ ውስጥ ካርቶን እየጫነ በሚያገኛት ደመወዝ መጀመሪያ ፍሬኗን አሳደሰ፤ ከዚያ ክብደቷ እንዲቀንስ የኋላ ወንበሯን አወጣ፤ ከዚያ ካርቡሬተሩ መጣ። አዲስ ሞተር የመግዛት አቅም የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ መፍቻ የምታቀብለው ሶልያና ነበረች። በሌላው ቀን «ዞር በይ» የሚላት ወንድሟ ቅዳሜ «አንቺ ምን ይመስልሻል?» ይላታል። ሶልያና መኪናዋን የምትወድበት ከዚህ ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ኃይለልዑል ቄሱን አውቶቡስ ፌርማታ ሸኝቶ ከጓደኛው ከዐብዱ ጋር ተመለሰ። ኮፈኑን ዘጋና ቁልፉን አዞረ። ካፕሪዋ አንዴ አሳላት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ዝም አለች። ደጋግሞ ሞከረ። ባትሪው እየደከመ ሄደ።

«ቶልድ ዩ፤ ብዬህ ነበር» አለ ዐብዱ። «ካርቡሬተሩ ለዚህ ሞተር ትልቅ ነው። በቤንዚን ያሰምጠዋል።» ዐብዱ ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሱም ካፕሪ ስላለው የዚህችን በሮች ለራሱ መኪና ከተመኘ ቆይቷል።

«በቃ ውሰዳት» አለ ኃይለልዑል። «ሲሪየስሊ፣ የምሬን ነው። ቫንህንና መጎተቻ ገመድ ይዘህ ና።» እጁን እንኳ ሳይጠርግ ወደ ቤታቸው ደረጃውን ወጣ። ዐብዱም ኃይለልዑል ሐሳቡን ሳይቀይር ብሎ ነው መሰል ፈጠን ብሎ ሄደ።

ሮማንወርቅ ከመኪናዋ ፈንጠር ብላ አማተበች። «ይሂድ። ጠበል ሲነካው እንዲህ የሚያንቀጠቅጠው ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እንኳን ልጄ ሳይነዳው ታወቀበት።»

ሶልያና ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን አዘነች። ወንድሟ ጋ ወጥታ አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ ያልቃል። ኃይለልዑል ይስቃል፤ ለዐብዱ ይነግረዋል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወሬው ሻማ ከምታበራው እናቷ ቀድሞ ይደርሳል። ዝም ካለች ደግሞ መኪናዋ ተጎትታ ትሄዳለች።

ኮፈኑን ከፈተችና የካንዴላ መፍቻውን አነሳች። ሞተሩ ውስጥ እሳት ከሚጭሩት አራት ካንዴላዎች አንዱን እርጥቡን ፈትታ ወደ እናቷ ሄደች።

«አሽቺው።»

ሮማንወርቅ በጥንቃቄ ጠጋ አለች። «ምንም አይሸትም።»

«ቤንዚን ቢሆን ይሸት ነበር። ውሃ ነው፣ እማዬ። ያፈሰስሽበት ቦታ ሞተሩ የሚተነፍስበት ነው።»

እናቷ ካንዴላውን አገላብጣ አየችው። ፊቷ ቀላ።

«እንግዲያ... ሌላ ነገር የለበትም?»

«የለበትም። ካንዴላዎቹን አውጥተን ውሃው ከወጣ ትነሳለች።»

«እኔ ነኛ የገደልኳት።»

«አልሞተችም እኮ።» ሶልያና መፍቻውን ይዛ ቆመች። «እንዳልነግረው ብለሽኛል፤ አልነግረውም። ግን ዐብዱ እየመጣ ነው።»

ሮማንወርቅ ቤታቸው ወዳለበት ሦስተኛ ፎቅ አንጋጠጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። «አንቺ ሥሪው» አለችና ደረጃውን ቀስ እያለች መውጣት ጀመረች።

ሶልያና ሦስተኛውን ካንዴላ ስትፈታ የዐብዱ ቫን ገባ። ዐብዱ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ጠጋ አለ።

«ምን አገኘሽ? ካርቡሬተሩ ነው አይደል?»

ታሪኩ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እንዲህ የሚያስቅ ታሪክ አግኝታ አታውቅም፤ ዐብዱንም አፉን ታስይዘው ነበር። ከላይ የቤታቸው በር ሲከፈት ሰማች።

«አይደለም» አለችው። «ኃይሉ ራሱ ይነግርሃል፣ ከፈለገ።» ጨርቁን አቀበለችውና ወደ አራተኛው ካንዴላ ጎንበስ አለች። «እስኪወርድ እነዚህን አድርቅልኝ።»