ከኋላዬ ያናገሩኝ አባት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ስልኬን አውጥቼ ሌላ ነገር የማይ ሰው ነኝ፣ አክስቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ቁጭ ብላ ስለ መንፈስና ስለ ጥላ ስታወራ «እዚህ አሜሪካ የሚያስፈራው የቤት ኪራዩ ነው» እያልኩ የምስቅባት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ለማመን ቢያስቸግራችሁ አልቀየማችሁም።

ሥራው ሜዲካል ስክራይብ ይባላል፣ ሐኪም በሽተኛ ሲያይ አጠገቡ ሆነህ የተባለውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለህ። ነርሲንግ ለመግባት ይጠቅምሃል ስላሉኝ አሌክሳንድሪያ አንድ ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ትሬኒንግ ተብዬው፣ እመኑኝ፣ ጥቂት ቪዲዮ ማየትና ኬይላ ከምትባል ልጅ አጠገብ መቀመጥ ነበር፣ እሷም ሥራውን ልትለቅ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ስልኳን ነው የምትነካካው፣ ቃል ሲከብደኝ «ጎግል አድርገው» ትለኛለች፣ «በሽተኛውን አትየው፣ ስክሪኑን ብቻ እይ፣ አለዚያ ያመልጥሃል» አለችኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሷ የለችም፣ ብቻዬን አንዲት ዶክተር ጋር አስገቡኝ።

ይህ ነገር የደረሰብኝ ቀን ጠዋት የአንዱን በሽተኛ መድኃኒት ሌላው ላይ ጽፌ ዶክተሯ ነርሶቹ ፊት «አንተን ማን ነው ያሰለጠነህ?» ብላ ጮኸችብኝ፣ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ፣ ከዚያ ወዲያ ያልገባኝን መጠየቅ አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ያገራችን ሽማግሌ በዊልቸር ገቡ፣ አቶ ታደለ ይባላሉ፣ የምትገፋቸው ልጃቸው ሰላማዊት ናት፣ ጥያቄውን ሁሉ በእንግሊዝኛ የምትመልሰውም እሷ ነበረች። ዶክተሯ እየተጣደፈች ስታወራ መሀል ላይ «አፌዥያ» የሚል ቃል ጣል አደረገች፣ ምን እንደሆነ ስላላወቅኩ ቦታውን ባዶ ትቼ አለፍኩ። ሲጨርሱ ዶክተሯ ወደ ሌላ ክፍል ሄደች፣ ሰላማዊት «ወንድሜ፣ መኪና ላምጣ፣ አንዴ አባዬን ጠብቅልኝ» ብላ ወጣች፣ እኔም ገና አልጨረስኩም ነበርና ላፕቶፑን ግድግዳው ጋር ያለው ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ ጀርባዬን ለሽማግሌው ሰጥቼ መጻፌን ቀጠልኩ።

መጀመሪያ የዊልቸሩ ፍሬን ቀጭ ሲል ሰማሁ። ቀጥሎ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በአማርኛ፣ «ልጄ» አለኝ።

«አቤት አባባ» አልኩ፣ ሳልዞር።

«ተረከዜን አላየችልኝም።»

«የቱን?»

«የግራውን። ካልሲው ተጣብቆብኛል። ለሰላም አልነገርኳትም፣ ሥራ ውላ ነው የምትመጣው፣ ትደክማለች።»

ቃሉ የሚመጣው ልክ እኔ በምጽፍበት ፍጥነት ነበር፣ ጣቴ ሲዘገይ ይዘገያል፣ ሳቆም ይቆማል፣ ደስ አለኝ ስላችሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሳልሳሳት የጻፍኩት እሱን ብቻ ነበር። ግን ሽማግሌው ያሉት በሩ አጠገብ ነው፣ ድምፁ ከትከሻዬ ሥር ነው የሚመጣው፣ አንገቴ ላይም ትንፋሽ ተሰማኝ። ዞርኩ። ዊልቸሩ ከበሩ አልተነቃነቀም፣ አባባም አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ እያንኮራፉ ነው።

ዶክተሯ ተመልሳ ስክሪኑን አነበበች።

«ይሄን ማን ነገረህ?»

«እሳቸው።»

«አፌዥያ ማለት ምን ማለት ነው?»

ስክሪኑ ላይ ባዶ የተውኩትን ቦታ አየሁ።

«መናገር አለመቻል ማለት ነው። ጠዋት ተሳሳትክ፣ አሁን ደግሞ ከራስህ ትፈጥራለህ?»

ሰላማዊት በሩ ላይ ደርሳ ሰምታለች። «አባቴ ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንድ ቃል ወጥቶት አያውቅም» አለች፣ በታመመ አባቷ የቀለድኩ ነው የመሰላት፣ አስተያየቷን ሳይ የምገባበት ጠፋኝ።

ዶክተሯ ግን፣ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ጓንት አጥልቃ ተንበረከከችና የግራ ካልሲያቸውን ሳብ አደረገችው። እምቢ አለ። በውሃ እያራሰች ቀስ ብላ አወለቀችው፣ ቁስሉ ምን ይመስል እንደነበር አልነግራችሁም። ሰላማዊት አፏን በእጇ ያዘች፣ ለካ ካልሲያቸውን የምትቀይርላቸው ቀን ቀን እየመጣች የምትንከባከባቸው ሠራተኛ ነበረች። ዶክተሯ ቁስሉን አጥባ ከሸፈነች በኋላ «በሽተኛው ተናገሩ የሚለውን አጥፋና በምርመራ ታየ ብለህ ጻፍ» አለችኝ፣ አጠፋሁት።

ሰላማዊት አባቷን መኪና ውስጥ አስገብታ ወደ እኔ ተመለሰች፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ ነው ያናገረችኝ።

«አባዬ የእውነት አናገረህ?»

«አዎ።»

«ድምፁ እንዴት ነው? እባክህ ንገረኝ፣ እኔ እየረሳሁት ነው።»

ሰውዬው ሲያወሩ አንዴ እንኳ ፊታቸውን አለማየቴ አሳፈረኝ፣ ቢሆንም የሰማሁትን ነገርኳት፣ «ወፍራም ነው፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ረጋ ያለ።»

ክው አለች።

«አባዬ ድምፁ ቀጭን ነበር» አለችኝ፣ «ስልክ ሲያነሳ ወይዘሮ እያሉት ነበር የሚናደደው።»

ወደ መኪናዋ ሄደች፣ ተመልሰው ወደ ክሊኒኩ አልመጡም፣ እግራቸው ይዳን አይዳን አላውቅም፣ ስልክ ደውዬ ልጠይቅ አስቤ ምን እላታለሁ ብዬ ተውኩት። እኔ እዚያው እየሠራሁ ነው። በሽተኛ ከወጣ በኋላ ክፍሉ ውስጥ አልቀርም፣ ላፕቶፔን ይዤ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው የምጨርሰው፣ ዶክተሯ «ለምን ገብተህ አትቀመጥም?» ስትለኝ፣ ወገቤን ያመኛል እላታለሁ።