የፊልትሮው ጎሚኒ

«አትቸኩዪ። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይውረድ» አለ አባቷ።

ሶሲ ካርቶን ላይ ተንጋልላ፣ የፊት ጎማዎቿ ሁለት ጣውላ ላይ ከወጡት መኪና ሥር ገብታለች። ከላይዋ የሞተሩ ሆድ አለ፤ ከዚያ እየቀጠነ የሚወርደው ጥቁር ዘይት ሳፋው ውስጥ ይጠራቀማል። አባቷ የተቀመጠበት የፕላስቲክ ወንበር አራት እግሮችና የአባቷ ጫማ ይታዩዋታል። ከአጠገባቸው ደግሞ ሌላ የተወለወለ ጫማ አለ። የጋሽ ወልደአማኑኤል ነው።

አባቷ በድሉ የመኪናውን ዘይት በሌላ ሰው አስቀይሮ አያውቅም። አሮጌዋን ላዳ ለዓመታት እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ እዚሁ ግንብ ሥር፣ በገዛ እጁ ሲጠግናት ኖሯል። ዘንድሮ ግን ላዳዋ ተሸጠችና ቱርቦ ያላት አዲስ መኪና መጣች። በዚያው ሰሞን የወገቡ ዲስክ ተንሸራተተ። ሐኪሙ መንዳት ፈቀደለት፤ ማጎንበስ ግን ከለከለው። የመጀመሪያው የዘይት ጊዜ ሲደርስ ሁሉም ጋራዥ ይወስዳታል ብሎ ሲጠብቅ «ሶሲ ትቀይረዋለች» አለ። ቤት ውስጥ ብሎት ቢሆን ጥሩ ነበር። ያለው ግን በሕንፃው ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና በነዱት በጋሽ ወልደአማኑኤል ፊት ነው።

ጋሽ ወልደአማኑኤልም ይኸው፣ ከጠዋት ጀምረው ቆመዋል።

«ይኼ ዘይት ነው ውሃ?» አሉ አዲሱን ጀሪካን እያወዛወዙ። «እኛ ወፍራሙን ነበር የምንጨምረው። ሞተር የሚጠብቀው ወፍራም ነው።»

«የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ቀጭኑን ነው የሚለው፣ ጋሼ» አለ አባቷ። «ወፍራሙ ቱርቦው ጋ ቶሎ አይደርስላትም።»

«መጽሐፍ!»

«ላዳ ዘይት ሲጎድላት ታኮርፋለች፣ ታንኳኳለች፣ ጊዜ ትሰጣለች» አለ አባቷ። «ቱርቦ እንደዚያ አይደለም። ለሞተሩ አየር እየገፋ በዚያ ሁሉ ፍጥነት ሲዞር ዘይት ለአፍታ ከራቀው አለቀ።»

ይህን ትናንት ማታ ለሶሲም ነግሯታል። ከሁሉ በላይ ግን ደጋግሞ የነገራት ስለ ጎሚኒው ነው። ጎሚኒ ማለት የዘይት ማጣሪያው፣ የፊልትሮው፣ አፍ ላይ ያለው ክብ ላስቲክ ነው። «አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ ጎሚኒው አብሮት መውጣቱን እዪ። አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አዲሱን በላዩ ካሰርሽው ሁለት ላስቲክ ይደራረባል። ቆማ ስትሠራ ላያፈስ ይችላል። መንገድ ላይ ግፊት ሲጨምር ግን ዘይቱን በአንድ ጊዜ ትዘረግፈዋለች።»

ፊልትሮውን ስትፈታው ሙቅ ዘይት በእጇ ላይ እስከ ክርኗ ወረደ። ዓይኗን ጨፍና ፊልትሮውን ሳፋው ውስጥ በአፉ ደፋችው። በዚያው ቅጽበት ሔኖክ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቪዲዮ እየቀረጸ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋ። አንድ ደረጃ የምትጋራው ጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ነው።

«ጀለሶች፣ የልደታዋን መካኒክ ተዋወቁ! እንቅልፍ ወስዷታል መሰለኝ።»

«ስልክህን አንሳ፣ እደፋብሃለሁ!»

«ጎሚኒውን አየሽ?» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል ከላይ። «ሳታዪ እንዳታስሪ። አይ በድሉ! ይቺ የሴት ልጅ ሥራ አይደለችም ብዬህ ነበር።»

ሶሲ የሞተሩን አፍ በጨርቅ ጠራርጋ እጇን መለሰች። የጠረገችውን ቦታ ግን አላየችውም።

«አየሁ!» አለች።

የቀረውን እንደተነገራት ሠራችው። የአዲሱን ፊልትሮ ላስቲክ ዘይት ቀባች፣ በእጇ አጥብቃ አሰረችው፣ ዘይቱ የወረደበትን የታችኛውን ቡሎን መለሰች፣ ወጥታ አዲሱን ዘይት እየለካች ጨመረች። አባቷ ሞተሩን አስነሳ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተንበርክከው ከሥር አዩ። ሞተሩ እየሠራ ረጅም ጊዜ ቆዩ።

«ደረቅ ነው» አሉ ሲነሱ፣ ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስል። «እንግዲህ ምን ይባላል። ከጋራዥ አታንስም።»

አባቷ ሳቀ። ወገቡን ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማችውም። መኪናዋን ከተሰቀለችባቸው ሁለት ጣውላዎች ቀስ አድርጎ አወረዳትና «ጋሼ፣ ይግቡ» አለ። «ተክለ ሃይማኖት ሄደን እናቷን ድንቅነሽን ከሥራ እናምጣት። ሶሲ የቀየረችውን ይሞክሩት።»

«ጃኬቴን ይዤ ልምጣ» ብለው ወደ ደረጃው ሄዱ። አባቷ ሞተሩን ሳያጠፋ መሪውን ይዞ ይጠብቅ ጀመር።

የተቃጠለውን ዘይት የግቢው ጥበቃ ለምኗቸዋል። የጎጆውን እንጨት ምስጥ እየበላበት ስለሆነ ሊቀባበት ነው። ሔኖክ ጀሪካኑን ያዘላት፤ ሶሲ ከማፍሰሷ በፊት አሮጌውን ፊልትሮ ከሳፋው አወጣችና በጨርቅ ጠረገችው። ላስቲኩ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ባዶ ነበር። በጣቷ ዞረችው። ባዶ ነው።

«ምን ሆንሽ?»

«ጎሚኒው የለም።»

«ሳፋው ውስጥ ወድቆ ይሆናላ።»

እጇን ዘይቱ ውስጥ ከትታ የሳፋውን ወለል ከዳር እስከ ዳር ዳበሰች። አንዲት ጠጠር ብቻ አገኘች።

«እና ምን ችግር አለው?» አለ ሔኖክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደረቅ ነው አሉ እኮ። ማታ ለብቻው ትነግሪዋለሽ። አሁን ሰው ፊት ፋዘርን ልታዋርጂው ነው?»

አባቷ ጥሩምባ ነፋ፤ ለቀልድ ነው፣ አጭር። ሶሲ ፊልትሮውን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«አባዬ፣ አጥፋው።»

«ምነው?»

ፊልትሮውን ገልብጣ አሳየችው። ባዶውን ጉድጓድ አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ሞተሩን አጠፋ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ጃኬታቸውን ለብሰው ደረሱ። «ምነው ጠፋች?»

«የፊልትሮው ነገር ነው፣ ጋሼ» አለ አባቷ፣ ሶሲን ሳያይ። «ዕቃው ደህና አይመስልም። ፈትተን ልናየው ነው።»

«ከየት ነው የገዛኸው?»

«ከቀመሪያ መለዋወጫ ሱቅ» አለ አባቷ።

«ከዚያች ከተክለ ሃይማኖቷ? ፎርጅድ ሸጠችልሃ! እኔም ለልጄ መኪና ከሷ ልገዛ ነበር፤ ቀረ። ቆይ፣ ለሕንፃው ሰው ሁሉ ነው የምናገረው። ይቺ ጎበዝ ልጅ ባትነቃበት ኖሮ ሞተርህን ትበላልህ ነበር!»

አባቷ ዓይኑን ወደ መሪው መለሰ። የመሪውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ያሻል።

ትናንት ከሰዓት ቀመሪያ ካርቶኑን እፊታቸው ከፍታ የፊልትሮውን ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳክራለች። የመጀመሪያው ስላልገጠመላት ሌላውን ከጎረቤት ሱቅ አስመጥታለች። የሶሲን ጣት ይዛም ላስቲኩ ላይ አሳርፋ «ይኼን ዘይት ቀቢው እሺ፣ የኔ ቆንጆ፤ ደረቁን እንዳታስሪው» ብላታለች።

ዝም ብትል ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከሥር ትገባለች፣ ላስቲኩን ልጣ ኪሷ ትከተዋለች፣ ፊልትሮውን መልሳ ታስራለች። ጋሽ ወልደአማኑኤልም በየደረጃው ጎበዝ እያሉ ያወሩላታል።

«ጋሼ» አለች። ካሰበችው በላይ ጮኸች። «ፊልትሮው ደህና ነው። አሮጌው ጎሚኒ ሞተሩ ላይ ቀርቷል። ቅድም አየሁ ያልኩዎት ሳላይ ነው።»

ሔኖክ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ።

«ሳታዪ?»

«ሳላይ።»

ጋሽ ወልደአማኑኤል ወደ አባቷ ዞሩ። አባቷ የመኪናዋን በር ከፍቶ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ወረደና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

«ልክ ናት» አለ። «ቀመሪያ ምንም አላጠፋችም። ዕቃው ደህና አይመስልም ብዬ ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ ሶሲ ዞሮ፣ «ትንሽ ትቀዝቅዝና ትገቢያለሽ። ለእናትሽ ደውዪላት፣ በታክሲ ትምጣ።»

«ለምን ቀራችሁ ብትለኝ ምን ልበላት?»

«እዚህ ያልሽውን።»

ሶሲ እጇን በጨርቁ ጠርጋ ስልኳን አወጣች። እናቷ እስክታነሳው ድረስ አንዱን ጣውላ በእግሯ እየገፋች ወደ ጎማው አስጠጋችው።