ባልየው ያመጣው ፊት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው... ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ።

የምሠራው ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነው። ፊቱ የተሰበረ ሰው ሲመጣ በኮምፒውተር አስተካክዬ የራስ ቅሉን በፕላስቲክ አትማለሁ። ሐኪሙ የሚገጥመውን ብረት በዚያ ሞዴል ላይ ለክቶ ያጎብጣል። ባልደረቦቼ «አጥንት ጋጋሪው» ይሉኛል።

አንድ ጎን ከተረፈ ሥራው ቀላል ነው፤ ደህናውን ገልብጬ በተጎዳው ቦታ አስገባለሁ።

የዚያች ሴት ግን ሁለቱም ጎን ደቅቋል። የመኪና አደጋ ነው ተባለ። ሲነዳ የነበረውን ባሏን ጭረት እንኳን አልነካውም።

«አምና ራሷን ሲያማት የተነሳችው ነው» ብሎ የሲቲ ስካን ሲዲ ሰጠኝ።

አተምኩት። አንድ ወጥ ሞዴል፣ ጥርሱ ግጥም ያለ።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ...

በግራ በኩል አንድ ጥርስ የለም። ጉንጩ ላይ ደግሞ ድሮ ተሰብሮ የዳነ አጥንት አለ።

ሞዴሉን ይዤ ወደ አልጋዋ ሄድኩ። መንጋጋዋ በሽቦ ስለታሰረ መናገር አትችልም። ከንፈሯን ገለጥ አድርጌ ሳይ... ያ ሞዴሉ ላይ የጎደለው ጥርስ አለ።

«እህቴ... ይሄ ያንቺ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። እጄን ጨምድዳ ይዛ አልለቅም አለች።

ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ።

«ዶክተር፣ ይሄ የሌላ ሰው ቅል ነው!»

«ከባሏ በላይ አንተ ልታውቃት ነው? አርፈህ ጋግር!»

ሳቀ። ነርሶቹም ሳቁ። በዚያው ሞዴል ቀዶ ጥገናው ተሠራ።

ፋሻዋ የተፈታ ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። ባልየው ጎንበስ ብሎ ፊቷን ሲያይ ቆየና ፈገግ አለ።

«እንኳን ተመለስሽ» አላት።

ወዲያው እናቱ ሊጠይቋት ገቡ። አንዴ አይተዋት የያዙት ብርቱካን ከእጃቸው ወደቀ።

«ምን አደረግክ አንተ ልጅ?... ይህቺን እኮ ቀብረናታል!»

«ቀስ በይ እማዬ» አለ። «የመጀመሪያዋን ሚስቴን ቀበራችሁብኝ። እኔ መለስኳት።»

ከዚያ መስታወት አውጥቶ ለሴትየዋ ደቀነላት።

«ከዛሬ ጀምሮ በእሷ ስም ነው የምጠራሽ። አቤት ማለት ልመጂ።»

መስታወቱ ውስጥ ያለውን ፊት አየችው።

ልትጮህ ሞከረች። በሽቦ የታሰረው አፏ አልከፈት አላት... ጉሮሮዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ክፍሉን ቆልፌው ነበር የወጣሁት፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው። ከፍቼ ገባሁ።

ሞዴሉ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንዳስቀመጥኩት አለ።

ያ አንድ ወጥ አድርጌ፣ ጥርሱን ግጥም አድርጌ ያተምኩት ሞዴል...

አፉን በሰፊው ከፍቷል።